አምስተኛዋ ስልክ

ሠላሳ ዓመት የቴሌፎን ኦፕሬተር ሆነው የሠሩትን ሴትዮ ሰፈሩ «እትዬ ሃሎ» ይላቸዋል። ሰፈርተኛው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ኮሚቴ ሲያቋቁም ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከአምስት ሰው መጨረሻ ላይ አስቀመጣቸው። በየማለዳው ወንዝ ለኪው ለፀጉር አስተካካዩ፣ እሱ ለመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ፣ እሷ ለጫማ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው ደግሞ ለእሳቸው ይደውላል፤ ወንዙ ደህና ቢሆንም።

«እንዳትደክሚ ብለን ነው እማዬ» አላቸው የኮሚቴው ጸሐፊ የሆነው ልጃቸው።

«ደከመኝ ብዬ አመለከትኩ?» አሉት።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

አንድ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ስልኩ ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን «ረስተውኝ ነው» ብሎ ሽንኩርቱን ይከትፍ ነበር። እሳቸው ግን መስመር ዝም ሲል አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ወንዙ ዳር ካለው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ናት።

ወደ ኋላ መደወል ጀመሩ። ጫማ ሰፊው «እኔም እየጠበቅኩ ነው» አለ። አስተማሪዋም ማንም አልደወለላትም። ፀጉር አስተካካዩ ጭራሽ አያነሳም። በመጨረሻ ወንዝ ለኪው ጋ ደወሉ።

«ውሃው ቀዩን የአደጋ መስመር አልፏል! ለፀጉር አስተካካዩ እኮ መልእክት ጽፌለታለሁ!»

«ጽሑፍ አቤት ይላል?» ብለው ጮኹበትና ዘጉ። ወዲያው ወደ አስተማሪዋ፦ «የኔ ልጅ፣ ቀዩን አልፏል። እንደተለማመዳችሁት ልጆቹን ገመዱን አስይዣቸውና ወደ ላይኛው አዳራሽ!»

ውሃው የመዋዕለ ሕፃናቱን በር ገንጥሎ ሲገባ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም። አስተማሪዋ ከላይ ደወለች፦ «አርባ አንድ፣ ሞልተዋል እትዬ። የእርስዎም አለች።»

«እሰይ የኔ አንበሳ!» አሉና አለቀሱ፤ ኩራቱም እንባውም እኩል መጣባቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ ላይ ትቶት ኖሯል። በስብሰባው ቀን አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ልጃቸው ተነሣ፦ «እማዬን አንደኛ እናድርጋት!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«ማን ጠየቃችሁ?» አሉ ቀና ብለው። «አንደኛው የሚያውቀው መልእክቱ መላኩን ነው። መድረሱን የማውቀው እኔ ነኝ። ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም!»

በማግስቱ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ጫማ ሰፊው ነበር።

«ወንዙ ደህና ነው እትዬ።»

«ደርሷል» አሉ፣ በዚያ በድሮው የኦፕሬተር ድምፃቸው።