አንድ ሕፃን፣ አምስት አዋላጅ

ተማሪዎቿ «እማማ ቢሆንስ» ይሏታል፤ በሌለችበት ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! አዋላጆችን ማስተማር ከጀመረች ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ከአፏ የማይጠፋው ቃል ይኸው ነው። ደሙ አልቆም ቢልስ? የእንግዴ ልጁ አልወጣ ቢልስ? መብራት ቢጠፋስ? ቤቷም ቢሆን በሩን ሦስት ጊዜ ገፍታ ሳታረጋግጥ አትወጣም።

ያን ሰኞ ጧት የተመራቂዎቹን የተግባር መዝገብ ስታገላብጥ እጇ ደርቆ ቀረ። እያንዳንዷ ተማሪ በገዛ እጇ አርባ እናቶችን ማዋለድ አለባት። ባለፈው ረቡዕ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ የተወለደውን አንድ ወንድ ልጅ ግን አምስት ተማሪዎች «አዋለድኩ» ብለው ጽፈውታል። ገለጠች፤ ሌላም አለ። ከማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ጋር ብታመሳክረው፣ አንዷ ሕፃኑን ስትቀበል አራቱ ከኋላዋ አንገታቸውን አስግገው ያዩትን ሁሉ መዝግበዋል።

ከአምስቱ አንዷ የገዛ ልጇ ናት።

መዝገቦቹን ታቅፋ የኮሌጁ ዲን ቢሮ ገባች።

«እኔ ይህን አልፈርምም፣ ዶክተር።»

ዲኑ ሳቁ። «ዛሬ ደግሞ የምን ቢሆንስ አመጡብኝ? ምረቃው እኮ ቅዳሜ ነው! ልጆቹ ሲዋለድ አይተዋል አይደል? የቀረውን ሥራ ላይ ይለምዱታል።»

«ዋና ዳር ቆሞ በማየት ይለመዳል? ደግሞስ የሚለምዱት በማን ነፍስ ነው?»

«የእርስዎም ልጅ አለችበት።»

«እንግዲያው ከእሷ እንጀምራ።»

ልጄ ዳግመኛ ባታናግረኝስ? ከሥራ ቢያባርሩኝስ? እያለች በልቧ፣ እስክሪብቶዋን አወጣችና ከልጇ መዝገብ በዓይን ብቻ የታየውን ሁሉ እየሰረዘች ወረደች። ከአርባው በእጇ ያዋለደችው ሃያ ሦስቱ ብቻ ቀረ።

ዲኑ ፊታቸው ጠቆረ። «የተግባር ትምህርት ኃላፊነቱን ያስረክቡ። የሚፈርም ሰው አላጣም።»

«ይፈለግ። ግን ስሙን ጉልህ አድርጎ ይጻፍ፤ የአንዲት እናት ደም አልቆም ያለ ዕለት ማንን እንደምንጠይቅ እንድናውቅ።»

የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። ልጇ ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ሰምታለች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሁሽ? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው!»

«ደም የሚፈሳትን እናት ማሕፀን በእጅሽ አሽተሽ፣ ደሙን አቁመሽ ታውቂያለሽ?»

«አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። ወዲያው አንገቷን ደፋች።

«በይ ተከተይኝ። ኃላፊነቱ ከላዬ ስለወረደ ስብሰባ የለብኝም፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ማዋለጃ ክፍል ነኝ።»

እዚያ ሲደርሱ አንዲት እናት ምጧ ተፋፍሟል። አራቱ ተማሪዎች እንደልማዳቸው አልጋውን ከበዋል።

«ውጡ! ለአንድ እናት አንዲት ተማሪ። የቀራችሁት ደጅ ተራችሁን ጠብቁ።»

«ቅዳሜስ?» አለች አንዷ።

«ቅዳሜ አዳራሹ ባዶውን ይዋላ! ከእናንተ በገዛ እጇ ከሁሉም ያነሰ ያዋለደችው ማን ናት?»

አንዲት ዝምተኛ ተማሪ «ዘጠኝ» ብላ እጇን አወጣች።

«ጓንትሽን አጥልቂ። እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

«እኔስ?» አለች ልጇ በሩ ላይ ቆማ።

«አንቺ ከሁሉም የበለጠ አዋልደሻል፤ ተራሽ አምስተኛ ነው።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ እናቷን አየቻት። ከዚያ ሄዳ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ከሦስቱ ቀጥሎ ተቀመጠች።