ከኸሊፋ ሳጥን በታች

አምባው የሚሉትን ሰው ያደከመው ወረቀት ነው። የቆላውን ሙቀት ስድስት ዓመት ችሎታል፤ ወባውንም ሦስት ጊዜ ታሞ ተነሥቷል። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ግን፣ ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የመንግሥት እርሻ፣ በቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሥዕል ላይ አጎንብሶ ወገቡ ተቆረጠ።

የእቅድ ክፍል ኃላፊ ይባል እንጂ ክፍሉ እሱ ራሱ ነበር። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ «የእርሻውን ሥራ በሙሉ በሥዕል አሳዩ» ይላል። አምባው ደግሞ አዲስ አበባ ስድስት ወር ተልኮ የተማረው ይህንኑ ነው። መምህሩ ትልቅ ሥራን እንዳለ አትዩት፣ እንደ ሳጥን ክፈቱት ይሉ ነበር። ውስጡ ሌሎች ሳጥኖች አሉ፤ እነሱንም ክፈቱ። ወደ እያንዳንዱ ምን እንደሚገባ፣ ከእያንዳንዱም ምን እንደሚወጣ ጻፉ። ያኔ አንዱ ሲቆም የትኛው ተከትሎ እንደሚቆም ወረቀቱ ይነግራችኋል።

«መክፈቱን የት ላይ እናቁም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር» አሉት።

ከሁሉ በላይ «ሰሊጥ ማምረት» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ማረስ፣ መዝራት፣ ማረም፣ ማጨድ፣ ማራገፍ። ከማጨድ ሥር ሠራተኛ ማሰባሰብ፣ ማብላት፣ ማጠጣት። ከማጠጣት ሥር «ውሃ ከጓንግ ወንዝ ማመላለስ»። ወረቀት በጠፋበት ጊዜ ይህን ሁሉ የሚችል ሰፊ ገጽ ከየት ይምጣ? ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን አንድ ፊቱ የተጻፈበት ወረቀት እየገለበጠ፣ ጀርባ ጀርባውን በሙጫ አገጣጥሞ የአልጋ ልብስ የሚያህል አደረገው። ሲያምርለት ጊዜ ትንሽ ኮራ። ይኩራ እንጂ፤ በዚያ እርሻ ሌላ የሚያምር ነገር አልነበረም።

እሱ ሳጥን ሲስል ውጭ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ በቀኑ ካልታጨደ ፍሬው አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል። ለአጨዳው ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ እዚያ አገር ሳሉግ የሚሏቸው፣ ሦስት መቶ ሆነው ማጭዳቸውን ስለው ገቡ። ጥቅምት ስምንት ቀን የወንዙ ፓምፕ ቀጥ አለ፤ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴም ባዶውን ተገተረ። ሳሉጎቹ አራት ቀን ጠበቁ። የኩሬ ጭቃ በነጠላ እያጠለሉ ጠጡ፤ ሁለቱ በቃሬዛ ተወሰዱ። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን ጧት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ገላባት ተሻገሩ፤ የሱዳን እርሻ ሌላው ቢቀር ውሃ አለው። ማን ይፈርድባቸዋል? ሰሊጡ ግን በቆመበት ረገፈ።

በሁለተኛው ቀን ጓድ ዘሩ የሚባል አጣሪ ከጎንደር በላንድሮቨር መጣ። የቢሮው ግድግዳ ቆርቆሮ ስለሆነ ምስማር አይዝም፤ ሥዕሉ የተሰቀለው መስኮቱ ላይ ነው። ዘሩ ገና ሲያየው ፊቱ በራ።

«እኔ የምፈልገው ይሄን ነው። በየሳጥኑ የኃላፊውን ስም ጻፍበት» አለ።

አምባው ጻፈ። ደስ እያለው ነው የጻፈው። ሥዕሉ ነገሩ ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን፣ ጥፋቱም የአንድ ሰው አለመሆኑን ያሳይልኛል ብሎ አምኗል። እዚህ ላይ ነው የተሞኘው።

ዘሩ ጣቱን ከላይኛው ሳጥን አስነሥቶ ወደ ታች ወረደ። ሰሊጥ ማምረት፣ ማጨድ፣ ማጠጣት፣ ማመላለስ። መጨረሻው ሳጥን ላይ ደረሰና ቆመ። «ኸሊፋ» ይላል።

«ከዚህ በታች የለም። እንግዲህ አሻጥሩ የተጀመረው ከዚህ ነው» አለ።

ጋሽ ኸሊፋ የቦቴው ሹፌር፣ የፓምፑም ጠባቂ ናቸው፤ የመተማ ዮሐንስ ሰው፣ ዕድሜያቸው ስልሳ የሚጠጋ። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል የተለጠፈበት ሰው ጎንደር ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር የለም።

«የተበጠሰው ቺንጋው ነው፣ ሞተሩ ፓምፑን የሚያዞርበት ቀበቶ» አሉ ጋሽ ኸሊፋ። «መሳሳቱን ባይ ጊዜ፣ ሳይበጠስ ሌላ ይምጣልኝ ብዬ ጥፌ ሰጥቻለሁ። በጎማ ቁራጭ አስሬ ስድስት ቀን አሠራሁት። ከዚያ ኸላስ፣ እምቢ አለ።»

«ለማን ሰጠህ?» አለ ዘሩ። ሽማግሌን አንቱ ማለት ጎንደር ረስቶት የመጣ ይመስላል።

ጋሽ ኸሊፋ አምባውን አዩት። ከዚያ ቆባቸውን አዩ።

«ለቢሮ» አሉ።

አምባው ወዲያው ትዝ አለው። ጥቅምት ሁለት ቀን ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ሲዘረጉለት ከሳጥኖቹ ቀና እንኳ ሳይል «ያስቀምጡት ጋሽ ኸሊፋ፣ ይቺን ልጨርስ» አላቸው። ፈርሞ ጎንደር ላለው ግምጃ ቤት መላክ ብቻ ነበር የሱ ድርሻ። ወረቀቱ ከዚያ ወዴት ገባ? እያሰበ ቀና ሲል ሥዕሉን አየ። የረፋዱ ፀሐይ ከኋላው በርቶበት፣ «ኸሊፋ» ከሚለው ሳጥን ጀርባ ሰማያዊ ጽሑፍ ተገልብጦ ይታያል። የጋሽ ኸሊፋ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ ነው። ማመልከቻቸውን ገልብጦ የራሳቸውን ሳጥን ስሎበታል።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ከሱ በቀር ያየ የለም። ግምጃ ቤቱም ቢሆን በዐሥር ቀን ቺንጋ ልኮ አያውቅም። ጎንደር ሚስቱ አሰፋችና ሁለት ልጆቹ አሉ። ይህን ሁሉ አሰበና ፈራ። ሽማግሌው ግን አሁንም ቆባቸውን ያያሉ፤ ስሙን እየደበቁለት ነው። አምባው በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

እርሳሱን አነሣ። ከጋሽ ኸሊፋ ሳጥን በታች መስመር ጎተተና ሌላ ሳጥን ሣለ። «የመለዋወጫ ጥያቄ ፈርሞ ማስተላለፍ» ብሎ ጻፈበት። ከጎኑ ስሙን ጨመረ፤ «አምባው»።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ዘሩ።

«ሳልጨርሰው ነው ያሳየሁህ፣ ጓድ። ማመልከቻው ይኸውልህ» ብሎ የሥዕሉን ጥግ ገለበጠለት።

ዘሩ አነበበ፤ ቀኑን አየ። አልተቆጣም፣ አልተገረመምም። ዋናው ነገር የሚወሰድ ሰው መገኘቱ ነው፤ ማን መሆኑ ብዙ አላስጨነቀውም።

«ከዚህስ በታች?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ይቆማል።»

መስመሮቹ ወደ ላይም ይሄዳሉ፣ እስከ ጎንደር፣ ከዚያም በላይ ሊለው አሰበ። ግን ዘሩ «ማስረጃ ነው» እያለ ሥዕሉን መጠቅለል ጀምሯል፤ አምባውም ለመከራከር ጉልበት አልነበረውም።

ላንድሮቨሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። አምባው ከኋላ ገባ፤ ጥቅሉ አጠገቡ ተጋደመ። ማመልከቻው በመጨረሻ ወደ ጎንደር ጉዞ ጀመረ። ጋሽ ኸሊፋ ተከትለው መጥተው የመኪናውን በር ያዙ።

«ቺንጋውስ?» አሉ።

«ሌላ ማመልከቻ ይጻፉ፣ ጋሽ ኸሊፋ።»

ሽማግሌው ወደ ቢሮው ዞረው አዩ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

«መጣፉንስ እጥፋለሁ» አሉ። «ለማን ነው የምሰጠው?»