የሰሊማ ጣቶች

ሰሊማ አላለቀሰችም፤ ክንዷን የምታስረውን ዲንቄን ያስፈራትም ይኸው ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ከአህያ ወድቃ የተሰበረ ክንዷ ሲገጠም፣ በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ሲጠፈር፣ እንዴት ኡኡ አትልም? እናቷ ከሪማ ግን አጠገቧ ቆማ ዓይኗን ታፈጥባታለች። ጨዋ ልጅ በሰው ፊት አይጮህም ብላ ነዋ!

የአዳማው ወጌሻ አባ መርዳሳ ዓይናቸው ስለደከመ፣ የተማሪያቸውን የዲንቄን ሥራ የሚመዝኑት በሽተኛውን ጠይቀው ነው።

«የዲንቄ እጅ እንዴት ነው?» አሉ እንደ ልማዳቸው።

«ማሻ አላህ! እጇ ይባረክ!» አለች ከሪማ፣ ግራ እጇን ከነጠላዋ ሳታወጣ።

ዓምና ዲንቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ያሰረችው የዚህችኑ የከሪማን ክንድ ነበር። ያኔም እንዲሁ መረቀቻት፤ አባ መርዳሳም ምርቃቱን ሰምተው «በቃ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን እሰሪ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከወለንጪቲ እስከ አቦምሳ ስንቱን አሰረች! ሁሉም መርቋት ሄደ።

ዛሬ ግን የልጅቷ አለማልቀስ አላስቀምጥ አላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከሪማ ቤት ገሰገሰች።

«ምን አስሮጠሽ? ልጄ እንደሆን ሕመሙ ለቋት ተኝታለች። እጇ መኖሩንም አታውቅም» አለች ከሪማ ፈገግ ብላ።

ዲንቄ ወደ መኝታው ሮጠች። የልጅቷን ጣቶች ያዘች፤ ቀዝቅዘዋል፣ ጠቁረዋል። ቆነጠጠቻት፤ ሰሊማ ንቅንቅ አላለችም። የጌታ ያለህ! ጨርቁን በቢላ ተርትራ ጣለችና ጣቶቹን በመዳፏ ይዛ ጠበቀች። ምንም የለም። «እመብርሃን፣ ይህቺን እጅ አትርፊልኝ» እያለች ጸለየች።

በስንት መከራ ሰሊማ ብድግ ብላ ጮኸች። «አንቺ ክፉ! ጠፍረሽ ልትገድይኝ ነው!»

«ስደቢኝ የኔ እናት! እሰይ! የቱ ጋ ነው ያመመሽ?» ዲንቄ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ጠበቀኝ ባለች ቁጥር እያላላች እንደገና አሰረቻት። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ቀሉ።

ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ ተቆጣች። «ምነው ከሪማ? ለአባ መርዳሳ እውነቱን ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?»

«ታዲያ ለደከመልኝ ሰው ክፉ ልናገር?» ከሪማ አቀረቀረች። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ጉድ አደረገው! ቀስ ብላ ግራ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። አራቱ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ተቆልምመው ደርቀዋል። «ዓምናም ማሰሪያው ጠብቆኝ ሳለ እንዲሁ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ዲንቄ የከሪማን እጅ ይዛ ገለበጠችው። «ይህን ይዘሽ… ልጅሽን ለኔ አመጣሽልኝ?»

«ሁሉም ሲመርቅሽ እሰማለሁ። በኔ ብቻ የደረሰ መሰለኝ።»

ዲንቄ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የመረቋት ሁሉ፣ የወለንጪቲው ገበሬ፣ የአቦምሳዋ አሮጊት፣ አንድ በአንድ መጡባት። አንዳቸውንም እጅሽን አሳዪኝ፣ እጅህን አሳየኝ ብላ አታውቅም።

«ነገ ወለንጪቲ እሄዳለሁ» አለች፤ ድምጿ ግን ለራሷም አልተሰማትም።