እንቁላሏና የሮምሶስ ዳገት

ኦስሎ ከተማ፣ በሮምሶስ ሰፈር የሴት ልጆች ብስክሌት ክለብ ማልያ ዝም ብሎ አይታደልም። ቢጫውን የምትለብሰው በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የጎዳና ውድድር ከመነሻ እስከ መድረሻ የጨረሰች ብቻ ናት። ያልጨረሰችው ነጭ ትለብሳለች። ነጭ የለበሰችዋን ደግሞ ሁሉም «እንቁላል» ይላታል፤ ገና አልተፈለፈለችማ!

ታንጉት ከግንቦት ጀምሮ እንቁላል ናት።

«ማልያ በላብ ነው የሚገዛው፣ ጓለይ» ይላታል አሰልጣኙ ጋሼ መድሃኔ፤ «ልጄ» ማለቱ ነው በትግርኛ። ጋሼ መድሃኔ በወጣትነቱ አስመራ ላይ ብስክሌት የተወዳደረ፣ ኦስሎ መጥቶ ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ትራም ስለለመደ ይሆናል፣ ከያዘው መስመር ፍንክች አይልም። ልጆቹ «እርስዎ» የሚሉት አንድ ነገር ሲፈልጉ ብቻ ነው። እሱም ስለነቃባቸው «እርስዎ» ሲባል ገና ሳይሰማ በኖርዌይኛ «ኔይ!»፣ አይሆንም፣ ይላል።

ታንጉት ሰነፍ እንዳትመስላችሁ። እግሯ ብርቱ ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእግሯ ይብሳል። የዘንድሮ ዕድሏ ነው እንጂ የጠመመው። የመጀመሪያው ውድድር ሞርተንሩድ ላይ ነበር፤ ገና ከመነሳታቸው ጎማዋ ፈነዳ። ያኔ የክለቡ ልጆች ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሁሉም ቆሙ! ስምረት ቆመች፣ ፉርቱና ቆመች፣ ከፊት ሆና ስትመራ የነበረችው አሪያም እንኳ ዞራ ተመለሰች። አንዷ ጎማ ትፈታለች፣ አንዷ ውሃ ታጠጣለች፣ አንዷ «አይዞሽ» እያለች ጀርባዋን ታሻለች። ልክ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ከብበዋት ሳለ፣ ወደ ኋላ የቀሩትን የሚለቅመው መኪና ደረሰና አራቱንም ለቀማቸው። አንዱ ዳኛማ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጥቶ ነበር።

ጋሼ መድሃኔ ያን ቀን ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። «ውድድር ነው ወይስ ዕድር? አንዷ ጎማ ሲፈነዳባት አንዷ ትቆማለች! የቅርቧ ብቻ! ሌሎቻችሁ ትነዳላችሁ!»

ከዚያ ወዲህ ይሄ ሕግ ሆነ።

በሁለተኛው ውድድር ታንጉት ብልጥ ነኝ ብላ የውሃ ላስቲኳን በበሶ ሞላችው። በሶው ወፍሮ አፉ ላይ ተወተፈ። ስትመጥ፣ ስትመጥ፣ መታጠፊያውን ረስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። በሦስተኛው ትኩሳት ይዟት አልጋ ላይ ዋለች። እናም የመስከረሙ የመጨረሻ ውድድር ብቻ ቀረ። መድረሻው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሮምሶስ! የራሳቸው ዳገት፣ የራሳቸው ፎቅ ሥር።

ይሄንንም ካልጨረሰች ጉድ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንቁላል የሆነች፣ ከርሞ የምትጀምረው ወንዱም ሴቱም ከተቀላቀለበት የሕፃናት ቡድን ነው። የሕፃናቱ ቡድን አለቃ ደግሞ ነህምያ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ፣ የፊት ጥርሱን ገና ያላበቀለ።

«ከኋላዬ ነው የምትሰለፊው» አላት ቁርስ ላይ። «ቦታሽን ይዤልሻለሁ።»

«አፍህን ዝጋ፣ ብርድ ይገባሃል።»

«ይሄ ሁሉ ላብ ለአንድ ጨርቅ!» አለች እናታቸው ጽጌ ጫማዋን እያሰረች። ጽጌ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜም ፈረቃ አላት። ቢሆንም በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ስንት ሰዓት ነው የምትደርሱት?» አለች። ከዚያም ጨርቁ ግድ እንዳልሰጣት ሁሉ ወጣች።

ውድድሩ በካፊያ ተጀመረ። ታንጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊተኞቹ ጋር ሆነች። ማን ያምናል! ፉርቱናና አሪያም ነፋሱን እየተቀያየሩ ይሰብራሉ፣ ከእነሱ ኋላ ስምረት አለች፣ ከስምረት ኋላ ታንጉት። ስምረት የክለቡ ኩራት ናት። ዛሬ የተቀናቃኙን ክለብ፣ የቀይ ለባሾቹን አንደኛ ከቀደመቻት የዓመቱን ዋንጫ ትወስዳለች። ሮምሶስ ደግሞ ዋንጫ የሚባል ነገር በሱቅ መስኮት ካልሆነ አይቶ አያውቅም።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ «ፊሽሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የስምረት የፊት ጎማ!

ፉርቱናና አሪያም ጎንበስ እንዳሉ፣ ምንም ሳይሰሙ ዳገቱን ጀመሩ። ታንጉት ግን ሰማች። ያልሰማች መምሰል ትችል ነበር። ዝናብ አለ፣ የተመልካች ጩኸት አለ፣ ማን ያውቅባታል? ቀና ስትል የቤቷ መስኮት ታያት። ቢጫው ማልያ እዚያ ነው። ነህምያም ድዱን እያሳየ እዚያ ነው።

ፍሬኗን ያዘች።

«ምን ሆነሻል? ሂጂ!» አለቻት ስምረት። «ማልያሽስ?»

«የቅርቧ እኔ ነኝ። ያንቺን ፍቺ።»

«ታንጉት!»

«ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በይ፣ አንቺ! ከቀየርኩ አልቆልሻል!»

ጎማ ተለዋወጡ። ስምረት ዳገቱን እንደ ድመት ተያያዘችው። ታንጉት ባዶ ጎማ ይዛ፣ «ሄያ! ሄያ! ያቺን ቀይ እንዳትለቂያት!» እያለች ድምጿ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ከዚያ መንገዱ ጸጥ አለ። ያኔ ትንሽ አለቀሰች፤ ዝናብ ስለነበረ አይቆጠርም።

ለቃሚው መኪና መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «ነይ ግቢ፣ ውስጡ ይሞቃል» አለች ነጂዋ፣ አንዲት ኖርዌጂያዊት ሴትዮ።

«ከገባሁ አለቀ?»

«ያ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው።

«ካልገባሁስ?»

ሴትዮዋ አሰበች። «ብስክሌትሽን ከያዝሽ በእግርሽም ይቻላል። የመድረሻው በር ቆሞ ከጠበቀሽ ጨረስሽ ማለት ነው። ግን ሊያፈርሱት ነው።»

የመድረሻው በር በማራገቢያ የሚነፋ ትልቅ ፊኛ ነው፤ ማራገቢያው ከጠፋ ወዲያው ይሟሽሻል። ታንጉት ሌላ አልጠየቀችም። የብስክሌት ጫማ ሥሩ ብረት ስለሆነ ለሩጫ አይሆንም። ጫማዋን አውልቃ መሪው ላይ አንጠለጠለችው፣ ብስክሌቷን ትከሻዋ ላይ አደረገችና በካልሲ ዳገቱን ገባችበት። መኪናው ከኋላዋ ቀስ እያለ ተከተላት።

እኩሌታው ላይ እግሯ እንቢ ሊል ሲል፣ ከላይ ቢጫ ነገር ሲወርድ አየች። ስምረት፣ ፉርቱና፣ አሪያም!

«አሸነፍሽ?» አለች ታንጉት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አሸነፍኩ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ዋንጫውስ?»

«ስሜን እየጠሩ ነው። ይጥሩ።»

ከኋላቸው ጋሼ መድሃኔ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ታንጉት ደነገጠች። አሁንም እንደ ሞርተንሩዱ ሁሉም ቆመዋል፤ ባርኔጣው ዛሬ ጭቃ ላይ መወርወሩ ነው።

«እንዳትነኳት!» ብሎ ጮኸ። «ከነካችኋት ትሰረዛለች! አጅቧት፣ ግን እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ!»

«የማልያችን ኪስ ጀርባችን ላይ ነው፣ ጋሼ» አለች ፉርቱና።

«ጀርባችሁ ላይ ክተቱ!»

«ጋሼ፣ የቅርቧ ብቻ ትቆማለች አላልክም?» አለች ታንጉት።

«እነሱ ውድድራቸውን ጨርሰዋል። ለጨረሰ ሰው ሕግ የለኝም። አፍሽን ተይና እግርሽን አንሺ!»

እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሽማግሌ እየተራመዱ አጀቧት። ብስክሌቶቻቸውን የመንገድ ዳር ሣር ላይ ጥለዋቸው ነበር። ከፎቆቹ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ድስት መደብደብ ጀመረ።

ላይ ሲደርሱ በሩ ቆሟል። የቆመው ግን በጽጌ ነው። ከነሥራ ልብሷ፣ እጇን አጣምራ፣ የማራገቢያው ሶኬት ፊት ተገትራለች።

«ሁሉም ገብቷል እኮ፣ እመቤት» ይላታል ሠራተኛው።

«ኔይ። የኔ አልገባችም።»

ጽጌ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት አንውጥም ከሚሉ አረጋውያን ጋር ስትከራከር የምትውል ሴት ናት። አንድ ገመድ የያዘ ወጣት ሊያነቃንቃት?

ታንጉት በበሩ ሥር አለፈች። መድረሻው ላይ የቆመችው ዳኛ ቀና ብላ በሩን አየች። ቆሟል። «ጨርሳለች» አለች።

«እንቁላሏ ተፈለፈለች!» ብላ ፉርቱና ስትጮህ ሮምሶስ ተናወጠ። ስምረት ለሽልማቱ ሌላ ማልያ ስለሚያለብሷት ቢጫውን እዚያው አውልቃ፣ በውስጥ ካናቴራዋ ሆና፣ ለታንጉት ወረወረችላት።

«ርጥብ ነው! ደግሞ ይሸታል!»

«በላብ ነው የሚገዛው ብዬሽ የለ?» አለ ጋሼ መድሃኔ።

«ላቡ እኮ የሷ ነው፣ ጋሼ!»

«ጎማውስ የማን ነበር?»

ታንጉት ማልያውን ለበሰችው፤ እስከ ጉልበቷ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ነህምያ ጠጋ ብሎ በቅሬታ አያት። «ታዲያ ከርሞ እኛ ጋ አትመጪም?»

«ላሠለጥንህ እመጣለሁ። ከኋላዬ ትሰለፋለህ።»

ጽጌ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከቢጫው ማልያ እስከ ቀዳዳው ካልሲ፣ ብቅ እስካለው አውራ ጣት። «ጨርቁስ ጥሩ ጨርቅ ነው» አለችና ያን ጊዜ ብቻ ከሶኬቱ ፊት ዘወር አለች። ሠራተኛው ገመዱን ነቀለ። ትልቁ በር እፎይ ብሎ ተነፈሰና፣ ላያቸው ላይ ወድቆ፣ ከነስምረት፣ ከነጋሼ መድሃኔ፣ ከነባርኔጣው፣ ክለቡን በሙሉ አለበሳቸው።