የባንግ ቴሶክ አስቸኳይ ስብሰባ

ባንግ ቴሶክ የናምጎክ ከተማ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ከሆነ ወዲህ አንገቱን ማዞር ትቷል። ሰው ከጎኑ ሲጠራው ከነሆዱ፣ ከነካራቫቱ መላ አካሉን ነው የሚያዞረው። ትልቅ ሰው እንደዚያ የሚዞር መስሎታል።

ይህ ትልቅ ሰው የወደቡን አሮጌ የዓሣ ማራገፊያ ለሚስቱ ወንድም ለመሸጥ ቋምጦ ነበር። ሁለት ጊዜ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ሁለቴም ወደቀበት። ሐሳቡን የጣለችበት የምክር ቤት አባሏ፣ ባለ መድኃኒት ቤቷ ኦክ ሱንዶክ ናት። ከሰባቱ አባላት ሁለቱ ከእሷ ጋር፣ ሁለቱ ደግሞ ከባንግ ጋር ናቸው። ሰባተኛው፣ ሽማግሌው ጉክ ጆንግማን፣ የማንም አልነበሩም። ስብሰባ የሚመጡት ከስብሰባው በኋላ ለሚቀርበው ምሳ ሲሆን፣ እጃቸውን የሚያወጡትም ወደ ምሳው ቶሎ ለሚያደርሳቸው ወገን ነው።

በጸደይ ላይ ኦክ ልጇን ልትድር ቀን ቆረጠች። የጥሪ ካርዱ ለባንግም ደረሰው። ሲያነበው ፊቱ በራ። ቅዳሜ እኩለ ቀን! ሁለቱ ወዳጆቿም እዚያው መዋላቸው አይቀርም። እሱ፣ ሁለቱ ሰዎቹና ሽማግሌው ከተገኙ አራት ናቸው፤ ምልዓተ ጉባዔው ሞላ ማለት ነው። ደንቡ፣ ልዩ ስብሰባ ከመካሄዱ ከሦስት ቀን በፊት ማስታወቂያ ይለጠፍ ይላል፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን ግን ወዲያው መጥራት ይቻላል። ባንግ ከደንቡ ሁሉ የሚወዳት ይህችን “ግን” ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ሂዬን አስጠራት።

“ለነገ እኩለ ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ጥሪ።”

“ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፈው?”

“አስቸኳይ ነው ብለሽ ነዋ።”

“ምኑ ነው አስቸኳይ የሆነው?”

“የዓሣ ማራገፊያው!”

“ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ የኖረው?”

“አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ ወይስ ታስተምሪኛለሽ?”

ሂዬ ጻፈችው፤ ባንግም ፊርማውን አሳረፈበት። ፊርማው ከጽሑፉ ይረዝማል።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ሦስቱ ተገኙ። ሽማግሌው ግን የሉም። ባንግ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ከሁለቱ ሰዎቹ አንዱ የሆነውን ምክትሉን በዓይኑ ጠየቀው።

“ጋሼ ጉክ ሰርግ ቤት ናቸው አሉ፤” አለ ምክትሉ። “የጎድን ሾርባ አለ ተብሎ።”

“እዚህስ ምሳ አልታዘዘም?”

“የእኛ የታሸገ ሩዝ ነው፣ ክቡር አፈ ጉባዔ።”

ባንግ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሰርግ አዳራሹ በረረ። ሽማግሌውን ምድር ቤት ካለው መመገቢያ አገኛቸው፤ ሳህናቸው ላይ አጎንብሰው፣ በአንድ እጃቸው ማንኪያ ይዘው በሌላው አጥንት ይግጣሉ።

“ጋሼ፣ ይነሱ! ስብሰባ አለ!”

“ልጨርስና።”

“አስቸኳይ ነው እኮ!”

“ሾርባውም ይቀዘቅዛል፣ ልጄ።”

ባንግ ትዕግሥቱ አለቀና ማንኪያውን ከእጃቸው ነጠቀ። ሾርባው ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ተደፋ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየ። በሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው ማንኪያ የነጠቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሸሚዛቸውን ቁልቁል አዩት።

በዚህ መሐል ኦክ ሱንዶክ ሰማያዊ የሃንቦክ ባህላዊ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መጣች።

“እንኳን ደህና መጡ፣ አፈ ጉባዔያችን! እኔን ብለው ነው ወይስ ከተማው እሳት ተነሣበት?”

“ወይዘሮ ኦክ፣ የምክር ቤት ሥራ ነው።”

“በልጄ ሰርግ ቀን የተወለደ ሥራ! እንደ እርስዎ ያለ ታታሪ የት ይገኛል?” አለችና ወደ አስተናጋጁ ዞረች። “ለጋሼ ሌላ ማንኪያ አምጣላቸው። ለአፈ ጉባዔው ደግሞ ወንበር፤ ሲቆሙ ትልቅነታቸው ይደክማቸዋል።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባንግ ከነሆዱ፣ ከነካራቫቱ ዞሮ ወጣ። ስብሰባውም ምልዓተ ጉባዔ ስላልሞላ ሳይከፈት ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት ኦክና ሁለቱ ወዳጆቿ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው በጽሑፍ ከጠየቀ አፈ ጉባዔው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልዩ ስብሰባ የመጥራት ግዴታ አለበት። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ አፈ ጉባዔውን ማንሳት።

ባንግ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያረፈው የስማቸው ማኅተም አይነበብም አለ። አነበቡለት። ቀጥሎ ወገቡን አመመውና ፍል ውኃ ወረደ። ከፍል ውኃው ቀይ ሆኖ ሲመለስ የቀረችው የመጨረሻዋ ቀን ነበረች፤ እምቢ ቢል ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድበት ነው። መሻሪያውን ስብሰባ በገዛ እጁ ጠራ። በዚህኛው ላይ ፊርማው አጭር ነበር።

በስብሰባው ዕለት ጉዳዩ የእሱ ስለሆነ መድረኩን ለምክትሉ ለቀቀ። ምክትሉ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝ የፈራ ይመስል ፈጠን ብሎ ተቀመጠበት። “የሚደግፍ?” ሲል እነ ኦክ ሦስቱም እጃቸውን አወጡ። ሽማግሌው ጉክም ብድግ ብለው፣ ምሳ ሳይጠይቁ፣ ክንዳቸውን እስኪያማቸው ዘርግተው ቆሙ። አራት። በቂ ነበር። ምክትሉ ግን ጉሮሮውን ጠረገና የራሱንም እጅ ጨመረ።

ባንግ ኮሪደሩ ላይ እንደወጣ ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ ወንድም ነው።

“ስብሰባ ላይ ናችሁ አሉኝ። አለቀ?”

“አለቀ።”

“ተመስገን! ቆይ፣ ቁልፉን መቼ እንረከባለን?”

ባንግ ስልኩን ዘጋው።