ያላመመው ቁርጭምጭሚት

ዶክተር ቶንግ ሩዪላን አንድ የሕክምና መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ ስትመልስ ዓመት አለፋት። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው ምን ያህል እንደሚያመውና ምን ማድረግ እንደሚያቅተው የሚጠይቅ ነው። ፈረንጆቹ «ሣር ላይ ስትሮጥ» ያሉትን «ሽንት ቤት ቁጢጥ ስትል» ብላ ቀየረችው፤ እሷ ያለችበት የፉሹን ከተማ ጡረተኛ የከሰል ቆፋሪ የት አባቱ ሣር ላይ ይሮጣል? ትርጉሙ ተቀባይነት እንዲያገኝ ሕመምተኞች በሳምንት ልዩነት ሁለቴ መሙላት ነበረባቸው። መልሳቸው ከተመሳሰለ መጠይቁ ይታመናል።

ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። አባቷ ቶንግ ደቸንግ ድሮ ከሰል ሲቆፍር ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወድቆበት ነበር፤ የምታክመውም እሷው ናት። እሱ ደግሞ የድሮ የሥራ ጓደኞቹን በየቤታቸው እየዞረ ሰብስቦ አመጣላት፤ እግሩ ያልተጎዳ የከሰል ቆፋሪ መቼም የለም። ሞሉ፤ በሳምንቱም ተመልሰው ሞሉ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው መልሳቸው ቁርጥ አንድ ሆነ። የምትሠራበት ክፍል ኃላፊ «እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም» ሲላት ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። የአባቷም ወረቀት «አያመኝም» እንደሚል አይታ እፎይ አለች፤ የፀደዩን የራጅ ቀጠሮውንም ሰረዘችው።

ደቸንግ ሲመሽ አደባባይ ወጥቶ፣ ማራገቢያውን ይዞ በከበሮ የሚጨፍር ሰው ነበር። በዚያ በጋ ቀረ። ስትጠይቀው «ከበሮ መቺው ታሟል» አላት፤ አመነችው።

ለክረምቱ ብርድ የሚከማቸው ጥቅል ጎመን በሚገዛበት ሰሞን ደቸንግ ጎመን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እግሩ ከዳው። ቀዶ ሐኪሙ ቹ ራጁን ብርሃን ላይ አደረገላት።

«በአጥንቶቹ መሀል ያለው ለስላሳ ነገር አልቋል» አላት። «አጥንት ካጥንት ሲፋጭ ነው የከረመው። በብሎን ከማሰር ሌላ ምርጫ የለንም፤ ከእንግዲህ አይታጠፍም። በፀደይ ብታመጪው ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

«በፀደይ ‹አያመኝም› ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ሁለቴ።»

ኮሪደሩ ላይ የአባቷ ጓደኛ ጋሼ ኩዋንግ፣ በጠርሙስ የታሸገ የኮክ ፍሬ ለበሽተኛው ይዞ ቆሟል። ሰምቷቸዋል።

«ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ» አላት። «በየቤታችን መጥቶ ‹የልጄ ፈተና ነው። ያከመችኝ እሷ፣ ወረቀቱን የሚያየው አለቃዋ። አንገቷን እንዳታስደፉብኝ› አለን። ሁላችንም አያመንም ብለን ሞላንልሽ።»

«የእርስዎስ እግር፣ ጋሼ?»

«የእኔማ ሌሊት ያስለቅሰኛል።» ሳቅ አለ። «ሁለተኛ ስትጠይቂን ደግሞ ‹ይኸው፣ እያጣሩባት ነው፤ ቃላችሁን እንዳትለውጡ› አለን። አልለወጥንም።»

ሩዪላን ጠርሙሱን ተቀበለችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አባቷ ግን የደበቀው ለሐኪሙ ብሎ ነው። ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ ያንኑ የሚዋሽን ሰው መጠይቅ በምን ያውቀዋል? ልጁ ግን ማወቅ ነበረባት። ከበሮ መቺውን በየማለዳው ገበያ ታየው ነበር፤ ጤነኛ ነው። ራሷን ጠላች፤ ዓመት የለፋችበትን ወረቀትም ጠላች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በማግስቱ ቹ ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ ደቸንግ ክፍል ገባ። ሩዪላን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአባቷን እጅ ያዘች።

«አባዬ፣ ያምሃል? እውነቱን ንገረኝ። በእኔ ሞት፣ ለእኔ ብለህ አትዋሽ።»

አያት። ቀጥሎ ከኋላዋ የተደረደሩትን ነጭ ጋዋኖች አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በክርኑ ተደግፎ እንደምንም ቀና አለ።

«ምንም አያመኝም» አለ፣ በሩ አጠገብ ያሉትም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ያከመችኝ ልጄ ናት እኮ።»

ከተማሪዎቹ አንዷ ጻፈችው።