የአዛዥ ይመኑ እጅ የነካው በርሜል

እኔ ሚስት ያገባሁት በወይን ጠጅ በርሜል ምክንያት ነው ስል ሰዎች ይስቃሉ። ይሳቁ! እነሱ ሽማግሌ ልከው፣ ጥሎሽ ጥለው በሰላም አገቡ። እኔ ግን የኢየሩሳሌምን ጠጅ ቤቶች ከአማቴ ጋራ ስዞር ጉልበቴ አለቀ። አማቴ ደግሞ እንደ ማንም ሰው አይጠጡም።

አዛዥ ይመኑ ይባላሉ። ጎንደር ሳሉ በአንድ ትልቅ መኰንን ግቢ የጠጅ ቤቱ አዛዥ ነበሩ። ጠጁ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ቀምሰው «ይለፍ» ወይም «ይደፋ» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ከሚስታቸውና ከአንድ ልጃቸው ከሸዋረገጥ ጋራ ቅዱሳት መካናትን ሊሳለሙ መጡ፤ ሚስታቸው እዚሁ በንዳድ ታመው ዐረፉና ጽዮን ተራራ ላይ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በሐበሾች መንገድ፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ካለው የተሳላሚ ቤት ሁለት ክፍል ይዘው ተቀመጡ። እኔ ተድላ የዚያው ሠፈር አስተርጓሚ ነኝ፤ ተሳላሚዎችን ከያፋ ወደብ ተቀብዬ እስከ ዮርዳኖስ አደርሳለሁ። ሸዋረገጥን አንድ ቀን ከግቢው ጉድጓድ ውሃ ስትቀዳ አየኋት። በቃ፣ አለቀልኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። የአዛዥ የነፍስ አባት አባ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ገብተው ለመኑልኝ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«ልጁን አልጠላሁትም፤ ልጄም አልጠላችውም። ግን እኔ ይመኑ ልጄን ስድር እንግዳ ብርዝ አላጠጣም!»

ነገሩስ እውነት ነበር። በዚህ አገር ማር ሞልቷል፤ ጌሾ ግን የለም። ተሳላሚ በከረጢት የሚያመጣው ጌሾ አልቆ ነበር፣ ያለ ጌሾ ደግሞ ማርና ውሃ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይሆንም። ስለዚህ አዛዥ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ከዚህ ከተማ ለሰርግ የሚበቃ ወይን ጠጅ ፈልግ። ቀምሼ ይለፍ ካልሁ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እድርሃለሁ። ካልተገኘ ግን ፋሲካን ውዬ ልጄን ይዤ አገሬ እገባለሁ።» ጾም ከገባ ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መርከብ አለ። እንግዲህ ያ ወይን ካልተገኘ ሸዋረገጥ ሄደች ማለት ነው።

መጀመሪያ ያፋ በር አጠገብ ወዳለው የግሪኩ ቤት ወሰድኋቸው። እንዴት ያለ ቤት መሰላችሁ! ከድንጋይ ቅስት ሥር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቀዝቃዛ ነው፤ ወይራና ጨው ያለው ዓሣ ሳይጠይቁት ያቀርባል። ግሪኩ ቀዳና ሰጠ። አዛዥ ብርጭቆውን አልነኩም።

«እሱ ይቅመስ» አሉኝ።

በእኛ ወግ የሚያሳልፈው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ሳይል ጌታው አይጠጣም፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ለግሪኩ በዐረብኛ አስረዳሁት። ከት ብሎ ሳቀና ከመዳፉ ጠጣ። ቀጥለው ደግሞ አዛዥ «ጋርደኝ» አሉ። ጨዋ ሰው ሲጠጣ ዓይን እንዳይገባው ይጋረዳል። ምን ላድርግ፣ ነጠላዬን ዘርግቼ ጠጅ ቤቱ መካከል ተገተርሁ። የግሪኩ ደንበኞች ሽማግሌው ሊያስመልሳቸው ነው ብለው ወንበራቸውን እየጎተቱ ሸሹ።

ከነጠላው ኋላ ግን ያ ምላስ ሥራውን ይሠራ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ብናደድባቸውም አደንቃቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጉንጭ ይይዛሉ። «ወይኑ ፀሐይ የጠገበ ነው። በርሜሉ አዲስ ነው። የጥድ ሙጫ ገብቶበታል» አሉ። ስተረጉምለት ግሪኩ አማተበ።

«ታዲያ ይለፍ?» አልሁ ልቤ እየዘለለ።

«ሰርጌ ሙጫ ሙጫ እንዲሸት ነው? ይደፋ!»

በማግሥቱ የጀርመኖች ሠፈር ወረድን። ነጭ ግድግዳ፣ የተወለወለ ብርጭቆ፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ወይን። ባለቤቷ ሴትዮ ዝንብ እንኳ አታስገባም። አዛዥ ጠጡና ፊታቸው ሲፈታ ዐየሁ፤ አሁን ተገላገልሁ ብዬ ነበር። «ንጹሕ ነው» አሉ። «ሲበዛ ንጹሕ ነው። ይህን ጠጥቶ ማንም አይዘፍንም። ይደፋ!» ወደ ቤተ ልሔም መንገድ ደግሞ የላቲን መነኮሳት የሚሸጡት ጥቁር ወይን አለ፤ እኔ በበኩሌ ከዚያ የሚበልጥ አልጠጣሁም፣ ሁለተኛ ብርጭቆ ስለምን አዛዥ በዓይናቸው ገሠጹኝ። «ይህ ለተዝካር ይሆናል» አሉ። «ሰው ያስለቅሳል። ይደፋ!»

አበስኩ ገበርኩ! ስንመለስ ሸዋረገጥ ከደጃፉ ቆማ ጠበቀችኝ። አባቷ እስኪገቡ ታገሠችና ወደኔ ዞረች።

«አንተ አስተርጓሚ፣ ከተማውን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ ስትል አልነበረም? አንድ ወይን ታጣለህ?»

«ወይኑ መች ጠፋ! የጠፋው የአባትሽ ይለፍ ነው።»

«ፈልገዋ! እኔ ጎንደር ስገባ አንተ እዚህ ለግመል ነጂ እያስተረጎምህ ትቀራለህ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከግማሹ ተቋረጠና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ገባች። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

አንድ የዐረብ ሸካሚ ነው የዛልማንን ቤት የነገረኝ። ዛልማን ከግንቡ ውስጥ በአይሁድ ሠፈር ወይን የሚጠምቅ ሰው ነው፤ ከኬብሮን የመጣ ወይን ከልጆቹ ጋራ ራሱ በእግሩ ይረግጣል ይላሉ። ወደዚያ ሰው ወስጄ አላውቅም ነበር፤ የሥራዬ ሰዎች ዐረቦችና ግሪኮች ናቸው፣ የአይሁድን ሕግ አላውቅም። ደረጃውን ወርደን ስንገባ ምድር ቤቱ በወይን ሽታ ተሞልቷል፤ በርሜሎቹ በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል። ዛልማን ቀይ ጢም ያለው፣ ፈገግ የሚል ሰው ነው። እኔ ምንም ሳልል ለራሱ ቀዳ፣ በቋንቋው ጸሎት አደረሰ፣ ጠጣ፤ ከዚያ ለእኛ ቀዳ።

አዛዥ ደስ አላቸው። «ይህ ሰው ወግ ያውቃል! ሳይነገረው ቀመሰ!»

ጠጡ፤ ግን «ይለፍ»ም «ይደፋ»ም አላሉም። እኔማ ብርጭቆዬን እስከ አተላው ጨልጬው ነበር። ዛልማን ዳቦ ሊያመጣልን ወደ ጓዳ ገባ። አዛዥ ተነሡ። በአንድ ትልቅ በርሜል ዙሪያ ዞሩ፣ በጣታቸው ጫፍ አንኳኩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። በዕድሜያቸው ሁሉ የጠጅ ቤት አዛዥ ናቸውና እንደ ገዛ ቤታቸው የበርሜሉን ቡሽ ነቅለው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ዐየሁ።

«ተድላ» አሉኝ፤ ከዚያ በፊት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይህን የጠመቀ እጅ ይባረክ።»

ለእኔም ከዚያው በርሜል ቀድተው አስጨለጡኝ፤ ብርጭቆውን እንደገና ሞሉና ዛልማን ዳቦውን ይዞ ሲመለስ በሁለት እጃቸው ሰጡት። «ጠጣ ወንድሜ፣ ሥራህ ነው!»

ዛልማን ክፍት የሆነውን በርሜል ዐየ። ብርጭቆውን ዐየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ወደ ኋላ አፈገፈገና በእጁ አይሆንም አለ።

«ጠጣ እንጂ!»

አልጠጣም።

አዛዥ ብርጭቆውን ለቀቁት፤ ወድቆ ተሰባበረ። «መርዝ ነው! የገዛ ወይኑን አልጠጣም አለ! ተድላ፣ ትፋው!»

ጉድ ፈላ! እኔ ምኑን ልትፋው? ሆዴ ውስጥ ከገባ ቆየ። ወዲያው ሆዴን ቆረጠኝ፣ እመቤቴ ማርያምን ተጣራሁ። ሸዋረገጥን ሳላገባ ልሞት ነው ብዬ በርሜሉን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርሁ። ዛልማን ከእኔ የባሰ ደነገጠ። «ምን ሆነ? አመመው?» እያለ በዐረብኛ ይጮኻል።

«መርዝ አጠጣኸኝ!» አልሁት።

ሰውዬው ራሱን ያዘ። «ምን መርዝ! ከዚህ በርሜል ትናንት ከልጆቼ ጋራ ቀምሻለሁ!» አለና ዳቦውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሕጋቸው ነው፤ ከወገናቸው ያልሆነ ሰው በገዛ እጁ የቀዳውን ወይን አይጠጡም፤ በበርሜሉ የቀረውም ለእነሱ አይሆንም። እሱ ቀድቶ ለማንም መስጠት ይችላል፤ እኛ ከቀዳን ግን ያ በርሜል ከእነሱ ገበታ ወጣ ማለት ነው። «እንግዶቼ ናችሁና ማሳፈር አልፈለግሁም» አለ። «በርሜሉን ለፋሲካችን ያስቀመጥሁት ነበር።»

ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው። የሆድ ሕመሜም እዚያው ለቀቀኝ፤ አህያነት ነው መቼም።

አዛዥ ደጋግመው መዳፋቸውን ይመለከታሉ። «እኛስ በስመ አብ ያልተባለበትን ሥጋ እንበላለን?» አሉ በመጨረሻ። «ሕጉን የጠበቀውን ሰው መርዘኛ አልሁት፤ የበዓሉንም ወይን በገዛ እጄ አበላሸሁበት። ወይኔ ይመኑ! ስንት ዘመን ጠጅ ቤት ኖሬ የሰው ጠጅ ቤት አረከስሁ!» ጎንበስ ብለው በዛልማን ጫማ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ሰውዬው ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው።

«ለእናንተ አልተበላሸም» አለ። «ጥሩ ወይን ነው፤ ሊደፋ አይገባውም። የምትጠጡበት ነገር አላችሁ?»

«ሰርግ!» አልሁ እኔ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። «ሰርግ አለን!»

አዛዥ ዞረው ዐዩኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ክብር ያለው ሰው ያበላሸውን ዕቃ ትቶ አይሄድም፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዋጋውን ሳይከራከሩ ከፈሉ። ዛልማን ምርቃት ብሎ ከቀድሞው ዓመት ወይን አንድ ጠርሙስ ጨመረልን፤ እኔ በዚህ ከተማ ከእሱ የሚበልጥ ሰው አላየሁም፤ ወይኑም እንደዚያው ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ሸካሚው በርሜሉን ግቢያችን አውርዶ ሄደ። ሸዋረገጥ ወጣች፤ በርሜሉን ዐየች፤ እኔን ዐየች። አዛዥ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው «ቅጂልኝ» አሉ። በማሰሮ ቀዳችላቸው፤ ጋርደኝም አላሉ። አንድ ጠጡ። ሁለተኛ ጠጡ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የወይን ጠጅም ያወጣዋል።

«የግሪኩም ጥሩ ነበር» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «የጀርመኗ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ነበር። የመነኮሳቱማ፣ እንዲያ ያለ በጌታዬም ቤት አልቀመስሁም።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ አዛዥ፣ ለምን አንከራተቱኝ? ምን በደልሁዎ?»

«አንተማ ምን በደልህ!» አሉ። «እናቷን እዚህ ቀበርሁ። እሷን ደግሞ ላንተ ሰጥቼ ያን ባሕር ብቻዬን እንዴት ልሻገረው? ይለፍ ባልሁ ቁጥር ያ ባሕር ይመጣብኛል።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሸዋረገጥ ማሰሮውን አስቀምጣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች፣ «ማን ይሻገሩ አለዎት? እኛ ቤታችን እዚሁ አይደለም? እናቴስ ያለችው እዚሁ አይደለም?»

አዛዥ ይህን ከቶ አስበውት አያውቁም ነበር። የመጣ ተሳላሚ ይመለሳል፤ እንዲህ ነው የሚያውቁት። ልጃቸውን ዐዩ፣ እኔን ዐዩ፣ ወደ ጽዮን በኩል ዞሩ። ከዚያ እያለቀሱ፣ «በል ተነሥ፣ አባ ገብረ ኤዎስጣቴዎስን ጥራልኝ፤ ጾም ሳይገባ ቀን ይቁረጡልን» አሉኝ።